ርካሽ ስፒከር ለሥራ ቤት፦ ከአክስቴ ስፌት ቤት የተማርኩት

በዚህ ቡለቲን ላይ አብዛኛውን ጊዜ የምናነበው ስለ ጋዜጠኝነት ሥነ ምግባር፣ ስለ ፕሬስ ነፃነት፣ ሲብስም ስለ ፍቅር ነው። እኔ ግን ዛሬ ስለ ስፒከር ልጽፍላችሁ ነው። "አንቺን ደግሞ ስለ ስፒከር ማን አዋቂ አደረገሽ?" የሚለኝ ካለ መልሴ አጭር ነው፤ የማይሆን ስፒከር ገዝቼ ሦስት ሱሪ አስበላሽቻለሁ፣ አንድ የተከበሩ ሽማግሌም ከሥራ ቦታቸው እንዲሄዱ ምክንያት ሆኛለሁ። ከዚህ በላይ ምን ምስክር ወረቀት ይፈለጋል?

ነገሩ የሆነው ግሸን ነው። ለማታውቋት፣ ግሸን በደቡብ ወሎ አምባሰል ውስጥ የምትገኝ፣ አናቷ የመስቀል ቅርፅ ያለው አምባ ናት። በመካከለኛው ዘመን የነገሥታቱ ወንዶች ልጆች ለዙፋን እንዳይሻሙ በግዞት ይቀመጡባት ነበር፤ ዛሬ ግን አገር የሚያውቃት በግሸን ማርያም ነው። መስከረም 21 ቀን ከየአቅጣጫው የሚመጣው ምዕመን መንገዱን ይሞላዋል። በዓሉ ሲያልፍ ደግሞ አገሩ ጭር ይላል። የአክስቴ ልብስ ስፌት ቤት ያለችው ከአምባው ሥር፣ መንገድ ዳር ነው። የምትተዳደረው በተማሪ ዩኒፎርም፣ በሱሪ ማሳጠርና ለበዓል በሚሰፋ ቀሚስ ነው።

ቤቷ ርዝመቷ ስምንት፣ ወርዷ አራት ሜትር ያህል ትሆናለች። ግድግዳዋ ጭቃ፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ ነው። በእግር የሚረገጡ አራት የስፌት መኪናዎች አሉባት። በሩ ጋ አክስቴ ደንበኛ ትቀበላለች፣ ትለካለች፤ መሀል ላይ ሁለት ልጃገረዶች ይሰፋሉ፤ ውስጥ ጥጉ ላይ ደግሞ ሁላችንም አያ እያልን የምንጠራቸው ሽማግሌ አሉ። አክስቴን ስፌት ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። አሠራራቸው የቆየ ነው፤ አክስቴ ልኬቱን ከበሩ ጮክ ብላ ትናገራለች፣ አያ ሰምተው በጠመኔ ጨርቁ ላይ ያሰምሩና ይቆርጣሉ። ወረቀት የለ፣ እስክሪብቶ የለ።

እኔ ሳልወለድ ጀምሮ በዚያች ቤት አንድ ቴፕ ነበረ። መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ጠዋት መዝሙር፣ ከሰዓት ዘፈን ያሰማ ነበር። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወሎ ሲገባ ቤቱን ዘግተን ወጣን፤ ስንመለስ ቴፑም ካሴቶቹም የሉም። የስፌት መኪናዎቹ መትረፋቸው ተመስገን ተባለና የቴፑ ነገር ተረሳ። ከዚያ በኋላ ቤቷ ውስጥ የሚሰማው የመርገጫው ኳኳታ ብቻ ሆነ። አምና ለፋሲካ እረፍት ስሄድ ግን አራቱም እያዋጡ ያጠራቀሙትን ገንዘብ አክስቴ በመሐረብ ቋጥራ ሰጠችኝ። "አንቺ ጋዜጠኛ አይደለሽ? ጠይቀሽ፣ አጣርተሽ ጥሩውን ግዢልን" አለችኝ። እንዲያውም አልጠየቅኩም፣ አላጣራሁም።

ክረምት ላይ ወደ ቤት ስመለስ ደሴ ፒያሳ አንድ ሱቅ ገባሁና ትልቁን ካርቶን መረጥኩ። ካርቶኑ ላይ በትልቁ "3000 ዋት" ተጽፏል፤ ከሥሩ በትንሹ "ፒኤምፒኦ" ይላል። ፊቱ ላይ ቀይና ሰማያዊ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። ባለሱቁ ሲከፍተው ቤዙ ደረቴን መታኝ። "ሞንታርቦ በለው!" አልኩ በሆዴ። (በነገራችን ላይ እኛ ትልቅ ድምፅ ማጉያን ሁሉ የምንጠራበት ሞንታርቦ የሚለው ስም የአንድ የጣሊያን ድምፅ ማጉያ አምራች ስም ነው።) 4,200 ብር ከፍዬ ተሸክሜው ሄድኩ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ይኸው ነው። መሰኪያው ያለው ውስጥ ጥጉ ላይ ስለነበረ ስፒከሩን ከአያ ራስ በላይ አስቀመጥነው። አክስቴ በሩ ጋ ሆና እንዲሰማት ድምፁን ከፍ ታደርጋለች፤ አያ ጆሯቸው ሥር ይጮኽባቸዋል። ይሉኝታ ያላቸው ሰው ናቸውና ምንም አልተናገሩም። ጳጉሜ ላይ፣ የዩኒፎርሙ ሥራ በተጧጧፈበት ሰሞን፣ አክስቴ "ሰባ ሁለት!" አለች፤ አያ "ስልሳ ሁለት" ሰሙ። ሦስት ሱሪ አሥር አሥር ሴንቲ ሜትር ጠቦ ተቆረጠ። ጨርቁ የደንበኛ ነበር። አክስቴ ከኪሷ ተካች። አያ ግን ሌላ ነገር አልተናገሩም፤ በዓሉ ካለፈ በኋላ መኪናቸውን አስጭነው "እኔ ቤቴ ቁጭ ብዬ ብሰፋ ይሻለኛል፣ ጆሮዬም ደክሟል" ብለው ሄዱ።

ጆሯቸው መድከሙ እውነት ነው። ግን ጥፋቱ የጆሯቸው ብቻ አልነበረም። ይህን የተረዳሁት ዘንድሮ የሬዲዮ ፕሮዳክሽን ኮርስ ስንጀምር ነው። መምህራችን ስቱዲዮ ውስጥ ያሉትን ሁለት ትናንሽ ስፒከሮች እያሳዩን "እነዚህ የተመረጡት ስለሚጮኹ አይደለም፣ ዝቅ ብለው ሲከፈቱ እያንዳንዱ ቃል ስለሚሰማ ነው" ሲሉን የአያ ፊት መጣብኝ። ከዚያ በኋላ መምህሬን አሰልችቼ፣ ደሴ ያለ አንድ ሬዲዮ ጠጋኝ ጋ ሁለት ከሰዓት ቁጭ ብዬ የለቃቀምኩትን ነው ከዚህ በታች የማቀርብላችሁ።

ፓወርድ ስፒከር ምንድን ነው?

ተራ ስፒከር ብቻውን አይናገርም። ከስልክ ወይም ከሬዲዮ የሚወጣው ምልክት ደካማ ስለሆነ መጀመሪያ አምፕሊፋየር ሊያጎለብተው ይገባል። አምፕሊፋየሩ ለብቻው ሳጥን ሆኖ ከተቀመጠ ዋጋውም ገመዱም ይበዛል። ፓወርድ የሚባለው ስፒከር አምፕሊፋየሩን ሆዱ ውስጥ ይዞ የሚመጣ ነው፤ መብራት ላይ ሰክታችሁ፣ ስልካችሁን በገመድ አገናኝታችሁ መክፈት ነው። ጥንድ ሆኖ ሲመጣ ብዙውን ጊዜ አምፕሊፋየሩ ያለው በአንደኛው ሳጥን ውስጥ ነው፤ ሌላኛው ከእሱ በቀጭን ገመድ ይመገባል። ለትንሽ ሥራ ቤት ከዚህ የተሻለ ርካሽ ዘዴ የለም።

የካርቶኑ ዋትና የጀርባው ዋት

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ፒኤምፒኦ የሚባለው ቁጥር ስፒከሩ ለዓይን ቅጽበት እንኳ ያወጣዋል ተብሎ የሚገመት ከፍተኛ ጉልበት ነው። ሁሉም አምራች የሚስማማበት አለካክ ስለሌለው የፈለጉትን ያህል ሊጽፉት ይችላሉ። እውነቱን የሚነግራችሁ አርኤምኤስ የሚባለው ነው፤ ስፒከሩ ሳያቋርጥ ሊሰጥ የሚችለው ጉልበት ማለት ነው። ካርቶኑ ላይ አርኤምኤስ ካልተጻፈስ? ሬዲዮ ጠጋኙ ያሳየኝ ዘዴ አለ። ዕቃውን አዙሩና የጀርባውን ጽሑፍ አንብቡ። የእኔው "3000 ዋት" ጀርባው ላይ "220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ፣ 35 ዋት" ይላል። ከመብራቱ 35 ዋት የሚስብ ዕቃ ከየት አምጥቶ ነው ሦስት ሺህ የሚያወጣው? ከሚስበውም ላይ ከፊሉ ሙቀት ሆኖ ይባክናል።

በአዳፕተር የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ሒሳቡ ይበልጥ ይቀላል። አዳፕተሩ ላይ ቮልትና አምፒር ተጽፏል፤ አባዙት። 12 ቮልት በ2 አምፒር ሲባዛ 24 ዋት ነው። በቃ፣ ከዚያ በላይ ሳያቋርጥ ሊያወጣ አይችልም። ይህን ሒሳብ ሱቅ ውስጥ ቆሜ ስሠራ ባለሱቁ "እህቴ፣ ኢንጂነር ነሽ እንዴ?" ብሎኛል።

ደግሞስ ብዙ ዋት ምን ሊያደርግልን? ጆሯችን ዋትን እንደ ብር አይቆጥርም። ጉልበቱ እጥፍ ሲሆን ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ይህ ደግሞ ልብ ብሎ ላልሰማ ሰው እምብዛም አይታወቅም። እጥፍ ያህል ጮኸ ብለን እንድንል ጉልበቱ አሥር እጥፍ ገደማ መሆን አለበት። ስለዚህ በ20 ዋትና በ40 ዋት መካከል ተጨማሪ ሺህ ብር ከመክፈል በፊት አስቡበት። እንደ አክስቴ ላለ ቤት ሁለቱም ሳጥኖች ተደምረው 20 ዋት አርኤምኤስ ካላቸው ተትረፍርፎ ይቀራል።

አያ ለምን ሳይሰሙ ቀሩ?

ይህን ክፍል ትንሽ ላስረዝመው፤ ለእኔ ዋናው ጉዳይ ይኸው ነውና።

ሰው ሲናገር ጉልበት ያለው ድምፅ የአናባቢው ነው፤ "ኣ"፣ "ኡ"፣ "ኦ" ከሩቅ ይሰማሉ። ቃልን ከቃል የሚለዩልን ግን ደካሞቹና ቀጫጭኖቹ ድምፆች ናቸው፤ "ስ"፣ "ት"፣ "ፍ"፣ "ች" የመሳሰሉት። ዕድሜ ሲገፋ ጆሮ መጀመሪያ የሚያጣው ደግሞ እነዚህኑ ቀጫጭን ድምፆች ነው። ለዚህ ነው ሽማግሌዎች "ድምፅህ ይሰማኛል፣ የምትለው ግን አይገባኝም" የሚሉት። በዚህ ላይ ወፍራም ድምፅ ቀጭኑን የመሸፈን ባሕርይ አለው። ቤዙ ዱም ዱም ሲል ከእሱ በላይ ያለውን ሁሉ ይውጠዋል። እኔ የገዛሁት ስፒከር ደግሞ ከቤዝ በቀር ሌላ ሙያ የለውም። ይባስ ብሎ ጥግ ላይ አስቀመጥነው፤ ሁለት ግድግዳና ጣሪያ የሚገናኙበት ጥግ ደግሞ ቤዙን ይበልጥ ያጎላዋል። እንግዲህ አስቡት፤ ያረጀ ጆሮ፣ የቤዝ ናዳ፣ ከሰባት ሜትር ርቀት የሚመጣ የአክስቴ ድምፅ። "ሰባ" እና "ስልሳ" እንዴት ይለዩ?

ርቀትም የራሱ ሕግ አለው። በገላጣ ቦታ ከድምፁ ምንጭ የምንርቀው ርቀት እጥፍ በሆነ ቁጥር ድምፁ 6 ዴሲቤል ይቀንሳል። ቤት ውስጥ ግድግዳው ስለሚያስተጋባ መቀነሱ ያን ያህል ባይሆንም አካሄዱ ያው ነው። አንድ ስፒከር አንድ ጫፍ ላይ ካስቀመጣችሁ ሩቅ ላለው ሰው እንዲሰማ ስትሉ ቅርብ ያለውን ታደነቁራላችሁ። ባዶ ግድግዳና ቆርቆሮ ጣሪያም ድምፁን እየመለሱ ያንጫጩታል። የተንጠለጠለ ጨርቅና ጣቃ ግን ድምፅ ይመጣል፤ በዚህ በኩል ስፌት ቤት ከሻይ ቤት ዕድለኛ ነው።

የዘፈኑም ዓይነት ጉዳይ አለ። አገራችን አምባሰል ለአንድ ቅኝት ስሟን የሰጠች አገር ናት። ከአራቱ ታዋቂ ቅኝቶች ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ውስጥ ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ የወሎ ቦታዎች ስም ናቸው። አያ የሚወዱት ማሲንቆ ነው፤ የማሪቱ ለገሰን አምባሰል ሲሰሙ እግራቸው መርገጫው ላይ ይዘገያል። ማሲንቆ አንድ የፈረስ ጭራ ክር ያለው መሣሪያ ነው፤ ድምፁ የሚኖረው የሰው ድምፅ በሚኖርበት መሀለኛ ክልል ነው። ስልክ ለብዙ ዘመን የሰውን ንግግር ሲያስተላልፍ የኖረው ከ300 እስከ 3,400 ኸርዝ ባለው ክልል ብቻ ነበር፣ ያም ሆኖ እንግባባ ነበር። ማሲንቆ፣ ክራርና ድምፃዊ ለሚሰማበት ቤት ይህን መሀለኛ ክልል አጥርቶ የሚያሰማ ስፒከር እንጂ ደረት የሚመታ ሳጥን አያስፈልግም። የእኔ ሦስት ሺህ ዋት ማሲንቆውን ከጓዳ የሚመጣ የትንኝ ድምፅ አስመስሎት ነበር።

ለመሆኑ ሥራ ቦታ ላይ ሙዚቃ ለምን?

ይህን ጥያቄ አንድ የክፍል ጓደኛዬ ጠየቀኝ። መልሱን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ደቦ ወጥቶ ሲያጭድ የማይዘፍን የወሎ ገበሬ የት አለ? ሰፊውም ዓለም ቢሆን ያውቀዋል። ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በሰኔ 1940፣ ጦርነት መሀል፣ ለፋብሪካ ሠራተኞች ተብሎ በቀን ሁለት ጊዜ የሚተላለፍ የሙዚቃ ፕሮግራም ጀመረ፤ እስከ 1967 ድረስም ዘለቀ። ደስ ያለኝ ነገር አዘጋጆቹ ለመረጣው መጠንቀቃቸው ነው። ድምፁ አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ የሚል ሙዚቃ አይመርጡም ነበር፤ ዝቅ ያለው በማሽኑ ጩኸት ይዋጣላ። አንድ ጭብጨባ ያለበት ዘፈን ደግሞ ሠራተኞቹ በያዙት መፍቻ ማሽኑን እየመቱ ስላጀቡት ከፕሮግራሙ ወጣ ይባላል። የእኛ ልጆችም በመቀስ ጠረጴዛውን ይመታሉ፤ አክስቴ ታውቃለች።

እንግዲህ ምን ያህል ይክፈት? ሁለት ሰዎች በአንድ ሜትር ርቀት ሲያወሩ ድምፃቸው 60 ዴሲቤል አካባቢ ነው። ሙዚቃው ከዚህ በታች ወይም ቢበዛ እኩል ቢሆን ይበቃል። አንዱ ላንዱ ለመናገር ድምፁን ከፍ ማድረግ ከጀመረ ሙዚቃው በዝቷል ማለት ነው። የጆሮ ጉዳት በበኩሉ ሌላ ድንበር አለው። የአሜሪካው የሥራ ደኅንነትና ጤና ምርምር ተቋም ለስምንት ሰዓት የሥራ ቀን ያስቀመጠው ጣሪያ 85 ዴሲቤል ነው፤ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ 88 ላይ አራት ሰዓት፣ 91 ላይ ሁለት ሰዓት። በስልክ የሚለካ አፕሊኬሽን ግምት እንጂ ፍርድ አይሰጥም፤ ቢሆንም ከምንም ይሻላል።

የብሉቱዙ ጉድ

ስለ መሰኪያዎች ልናገር ብዬ ይህን ሳልነግራችሁ ባልፍ ቅር ይለኛል። መስከረም 20 ማታ ነው። መንገዱ ላይ ነጠላ ለብሶ የሚወጣው ምዕመን እንደ ጎርፍ ነው፤ ደጃችን ላይም የደከማቸው እናቶች አረፍ ብለዋል። አክስቴ ከስልኳ መዝሙር ከፍታ ጠርዝ ትሰፋለች። ስልኩ ተደወለበትና ይዛው ወደ ጓሮ ወጣች፤ ግንኙነቱ ተቋረጠ። በዚያች ደቂቃ የማን እንደሆነ እስከ ዛሬ ያላወቅነው ስልክ ስፒከራችን ላይ ገባና የጭፈራ ቤት ዘፈን በሙሉ ድምፅ ለቀቀው! አንዲት እናት አማተቡ። አክስቴ እየሮጠች ገብታ ገመዱን ስትነቅል ሶኬቱም አብሮ ተነቀለ።

ብሉቱዝ ጥሩ ነገር ነው፤ አሥር ሜትር ያህል ያለ ገመድ ይሠራል። ብዙ ርካሽ ስፒከሮች ግን የይለፍ ቁጥር አይጠይቁም፤ መጀመሪያ የደረሰ ስልክ ይወርሳቸዋል። ሕዝብ የሚተላለፍበት ቦታ ላይ ከሆናችሁ በጃክ ገመድ ወይም በፍላሽ የሚሠራውን ምረጡ። ቀይና ነጭ ቀዳዳ ያለው ቢሆን ደግሞ ከዲሽ ሪሲቨርም ጋር ይገናኛል። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት አገር ዘፈኑን አስቀድሞ ሚሞሪ ላይ ጭኖ መሄድ ነው የሚያዋጣው።

ገመድ ያለው የራሱ ችግር አለው እርግጥ ነው። ስልኩ ቻርጅ ላይ ሆኖ ሲዘፍን ስፒከሩ "ዝዝዝ" ካለ፣ ቻርጀሩንና ስፒከሩን አንድ ዲቫይደር ላይ ሰኩዋቸው፤ አሁንም ካልተወው ቻርጀሩን ቀይሩ ወይም ቻርጅ ሳይደረግ ተጠቀሙ። ስልክ ሊደወል ሲል የሚሰማው "ዲት ዲዲት ዲዲት" ደግሞ የስፒከሩ ብልሽት አይደለም፤ ስልኩ የሚለቀው ሞገድ ነው፤ ስልኩን አንድ ክንድ ያህል አርቁት።

ሱቅ ውስጥ ምን ላድርግ?

ለገና እረፍት ስሄድ ሁለተኛውን ስፒከር ለመግዛት የገባሁት ሚሞሪዬን ይዤ ነበር። ሚሞሪው ላይ ሦስት ነገር ጭኛለሁ፤ የማሲንቆ ዘፈን፣ አንድ መዝሙር፣ አንድ የራሴ የዜና ንባብ ቅጂ። ባለሱቁ የሚከፍትላችሁን ዘፈን አትስሙ፤ እሱ ስፒከሩ የሚያምርበትን ያውቃል። መጀመሪያ ዝቅ አድርጋችሁ ክፈቱና አምስት እርምጃ ራቁ። ቃሉ ይሰማል? ካልተሰማ አትድከሙ፣ ሌላ ጠይቁ። ቀጥሎ ቤዙን እስከ መሀል ብቻ አድርጋችሁ ከፍ አድርጉት፤ ሳጥኑ ከተንቀጫቀጨ ወይም ድምፁ ከተሰነጠቀ የዕለቱ ጉልበት ያ ነው። ከዚያ ዘፈኑን አቁማችሁ ድምፁን ሙሉ ልቀቁት፤ "ሽሽሽ" የሚለው ከሩቅ የሚሰማ ከሆነ ቀኑን ሙሉ አብሯችሁ ይኖራል። ግራና ቀኙም መሥራታቸውን እጃችሁን እያስጠጋችሁ አረጋግጡ።

ያገለገለ ኮምፒውተር ስፒከርም አይናቅም፤ አንዳንዱ ከአዲሱ ርካሽ ይበልጣል። ፊቱን ገልጣችሁ በሾጣጣው ዙሪያ ያለውን ስፖንጅ ወይም ጎማ ተመልከቱ፤ ተፈርፍሮ ከሆነ ተዉት። ሾጣጣውን በጣታችሁ በቀስታ ስትገፉት የሚፍቅ ድምፅ ካለም እንዲሁ።

መብራትን በተመለከተ እኛ አገር ጠፍቶ ሲመጣ ነው ዕቃ የሚቃጠለው። መብራት ሲጠፋ ስፒከሩን ንቀሉ፤ ተመልሶ ከተረጋጋ በኋላ ሰኩ። አዳፕተሩ ከውጭ የሆነ ስፒከር እዚህ ላይ ይመረጣል፤ ቢቃጠል ቮልቱና አምፒሩ የሚመሳሰል ሌላ አዳፕተር ይገዛል፣ መደመሩና መቀነሱ እንዳይምታታ ማየት ብቻ ነው። ባትሪ ያለው ልግዛ ካላችሁ ሒሳቡን ሥሩ፤ 2,000 ሚሊአምፒር ሰዓት በ3.7 ቮልት 7.4 ዋት ሰዓት ነው። ስፒከሩ በአማካይ 3 ዋት ቢበላ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው የሚቆየው። እኛ ባትሪውን ተውነው። መኪናዎቹ በእግር የሚሠሩ ስለሆኑ መብራት ቢጠፋ ሥራው አይቆምም፤ ያኔ ልጆቹ ራሳቸው ይዘፍናሉ።

ሕጉንም እግረ መንገዴን ላንሳ፣ የሚዲያ ሕግ ኮርስ የወሰደ ሁሉ ያውቀዋል። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የሰውን ሥራ ለሕዝብ የማሰማት መብት የባለመብቱ ነው፤ በ2007 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 872/2007 ደግሞ ለንግድ ለሚውል ሥራ ሮያሊቲ በጋራ አስተዳደር ማኅበር በኩል የሚሰበሰብበትን መንገድ ከፍቷል። ሆቴልና ሱፐርማርኬት ያላችሁ ዘመዶች ካሏችሁ ንገሯቸው።

በመጨረሻ የገዛሁት ጥንድ ነው፤ እያንዳንዱ ሳጥን አንድ ባለ 4 ኢንች ስፒከርና አንድ ትንሽ ቀጭን ድምፅ የሚያወጣ አለው፤ ሁለቱም ተደምረው 20 ዋት አርኤምኤስ። ብሉቱዝ የለውም። መብራትም አይብለጨለጭም። 5,600 ብር አወጣ፤ የፊተኛውን ደግሞ ጎረቤት ያለ ሻይ ቤት በግማሽ ዋጋ ወሰደልን። (እዚያ ተስማምቶታል፤ እኛ ቤት ድረስ ይሰማናል።) ሁለቱን ሳጥኖች በረጅሙ ግድግዳ ላይ፣ ከሁለቱም ጫፍ ሁለት ሁለት ሜትር አስገብተን፣ ከራስ ከፍ አድርገን ሰቀልናቸው። ሲገዛ የመጣው ገመድ አጭር ስለነበር አምስት ሜትር ቀጠልን፤ ስትቀጥሉ ቀዩን ከቀይ፣ ጥቁሩን ከጥቁር አገናኙ፤ ከተገለበጠ ሁለቱ ሳጥኖች እርስ በርስ ይጠፋፉና ድምፁ ይሰልላል። የክር ብናኝና አቧራ እንዳይገባበትም ፊቱ ላይ ስስ የነጠላ ቁራጭ ወጠርንበት።

አንድ ነገር ልረሳው ነበር። ሁለቱ ሳጥኖች ተራርቀው ሲሰቀሉ በሩ ጋ ያለው ግራውን፣ ጥጉ ጋ ያለው ቀኙን ብቻ ነው የሚሰማው። አንዳንድ ዘፈን ላይ ክራሩ ባንድ ወገን፣ ድምፃዊው በሌላ ወገን ስለሚቀረፅ ግማሹን ዘፈን ታጣላችሁ። ስልኩ ላይ ተደራሽነት የሚለው ማስተካከያ ውስጥ ሞኖ ኦዲዮ የሚል አለ፤ እሱን ስታበሩት ሁለቱም ሳጥኖች አንድ ዓይነት ድምፅ ይሰጣሉ። የአክስቴ አሮጌ ስልክ ለዚህ ሥራ ተመድቧል፤ ሲም የለውም፣ ስለዚህ አይደወልበትም።

ለገና ማግሥት አያ ቡና ሊጠጡ መጡ። ስፒከሩን አላሳየኋቸውም፣ ዝቅ አድርጌ ማሲንቆውን ከፈትኩት። አክስቴ ከበሩ ሆና አንዲት ልጅ እየለካች "ሃምሳ ስድስት!" አለች። አያ ሲኒያቸውን ይዘው "ሃምሳ ስድስት" አሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው። ወደ አክስቴ ዞረው "ይህን ደግሞ ማን ነው የገዛው?" አሉ። "እሷው ናት" አለቻቸው። "ታዲያ ያን ጊዜስ?" ብለው ወደ እኔ አዩ። ምን ልበል?

የጥምቀት ሰሞን መኪናቸውን በአህያ አስጭነው መጡና ጥጉ ላይ ወደ ቦታቸው ተመለሱ። መጀመሪያ የሠሩት ሥራ የስፌት ጠመኔያቸውን አውጥተው የስፒከሩ መቆጣጠሪያ ላይ መስመር ማስመር ነው። ከዚያ መስመር በላይ ማንም አያዞረውም። ጠመኔው ሲደበዝዝ ሰኞ ሰኞ ጠዋት ያድሱታል።